ለዛሬ የሚቸኩል ሰው ለከርሞ የሚታገሠው ለምንድን ነው?

የሒሳብ መምህር፦

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ የወለድን ስሌት ሳስረዳ፣ ደወል ሊደወል ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ፣ ከመጽሐፉ ወጣ ብዬ አንድ ጥያቄ አቀረብሁላቸው፤ የሰጡኝ መልስ እስካሁን ከአእምሮዬ ስላልወጣ ወደዚህ ይዤው መጥቻለሁ።

ጥያቄው «አንድ ሰው ዛሬ 1,000 ብር ወይም ከአንድ ወር በኋላ 1,200 ብር ልስጣችሁ ቢል የትኛውን ትመርጣላችሁ?» የሚል ነበር። እጅ አውጡ ስላቸው አብዛኞቹ የዛሬውን መረጡ። ቀጠልሁና «እሺ፣ ያው ሰው ከ12 ወር በኋላ 1,000 ብር፣ ወይም ከ13 ወር በኋላ 1,200 ብር ቢላችሁስ?» አልኋቸው። ቅድም ለዛሬው እጃቸውን ያወጡት እነዚያው ልጆች «ዓመት ከጠበቅን በኋላ አንድ ወር ምን አላት?» እያሉ 1,200ውን መረጡ። በሒሳብ ዐይን ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ናቸው፤ በሁለቱም አንድ ወር የታገሠ 200 ብር ያተርፋል። ይበልጥ የሚገርመኝ ደግሞ ዓመቱ አልፎ 12ኛው ወር ሲገባ ምርጫው እንደገና ቢሰጣቸው፣ ያ ዕለት «ዛሬ» ሆኗልና፣ መልሳቸውን መልሰው እንደሚገለብጡት አለመጠራጠሬ ነው።

በልጆቹ ላይ ለመሳቅ ግን አፍ የለኝም። እኔ ራሴ ከሥራ ዘመኔ መጀመሪያ አንሥቶ «ከሚመጣው ደመወዝ ጀምሬ አንድ አምስተኛውን እቆጥባለሁ» እላለሁ፤ ይህን ስል ከልቤ ነው፤ የሚመጣው ደመወዝ መጥቶ «የዚህ ወር ደመወዝ» ሲባል ግን ውሳኔዬ ወደ ቀጣዩ ወር ይዛወራል። አባቶቻችንም በነገሩ የተስማሙ አይመስለኝም፤ በአንድ በኩል «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው ትዕግሥትን ያስተምሩናል፤ በሌላ በኩል «ብልጥ ልጅ የሰጡትን ይዞ ያለቅሳል» ብለው በእጅ የገባውን አለመልቀቅ ብልጠት ነው ይሉናል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ይህ መገለባበጥ የስሌት ዕውቀት ማነስ ነው፣ ራስን አለመግዛት ነው፣ ወይስ እኔ ያልታየኝ ምክንያት አለው? ለነገሩ አንድ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ልጅ «መምህር፣ ብሩን የሚሰጠን ማን ነው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ለቀልድ ወስጄው አለፍሁት።

ምጣኔ፦

መምህር፣ ተማሪዎችዎ ያሳዩት ነገር በምጣኔ ሀብት ጥናት የታወቀ ነው፤ የምርጫ መገልበጥ ይባላል። የስሌት ዕውቀት ማነስ ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት ታሪኩን ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰደው።

የምጣኔ ሀብት ሊቁ ፖል ሳሙኤልሰን እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ፣ ሰው የወደፊቱን ጥቅም በእያንዳንዱ ጊዜ በአንድ ቋሚ መጠን እየቀነሰ ይመዝነዋል የሚል ቀመር አቀረበ። እርስዎ የሚያስተምሩት ጥምር ወለድ ወደ ኋላ ሲሄድ ማለት ነው። ሳሙኤልሰን ራሱ ቀመሩ የሰውን ትክክለኛ ጠባይ ይገልጻል ብሎ አልተከራከረም፤ እንዲያውም አስጠንቅቋል። ነገር ግን ለሒሳብ የሚመች ነገር ቶሎ ይወደዳልና፣ ከእርሱ በኋላ የመጡት ለአሥርተ ዓመታት ቀመሩን እንደ ሰው ባሕርይ ሲጠቀሙበት ኖሩ። በዚህ ቀመር የተማሪዎችዎ መልስ ሊመጣ አይችልም፤ የመቀነሻው መጠን ቋሚ ከሆነ፣ ሁለቱን ቀኖች እኩል ወደ ፊት መግፋት ምርጫውን አይለውጥምና።

እ.ኤ.አ. በ1981 ሪቻርድ ቴለር ሰዎችን በጣም ቀላል ነገር ጠየቃቸው። አሁን ሊወስዱት የሚችሉት 15 ዶላር አለ፤ አንድ ወር፣ አንድ ዓመት ወይም አሥር ዓመት እንዲጠብቁ ቢደረግ ስንት ሆኖ ቢመለስላቸው እኩል ይሆንላቸዋል? የመካከለኛው ሰው መልስ እንደ ቅደም ተከተሉ 20፣ 50 እና 100 ዶላር ሆነ። ይህን ለክፍልዎ መልመጃ አድርገው ቢሰጡት ደስ ይለኛል። በአንድ ወር 15 ዶላር 20 ይሁንልኝ ያለ ሰው በየወሩ የአንድ ሦስተኛ ጭማሪ ጠየቀ ማለት ነው፤ በዚያው መጠን 12 ወር ቢጓዝ መጠየቅ የነበረበት 470 ዶላር ገደማ ነበር፤ እርሱ ግን በ50 ተስማማ። ወለዱ በየቅጽበቱ እየተደመረ ይሄዳል ተብሎ በዓመት ሲሰላ የአንድ ወሩ 345 በመቶ፣ የአንድ ዓመቱ 120 በመቶ፣ የአሥር ዓመቱ 19 በመቶ ይሆናል። ትዕግሥታችን ቋሚ መጠን የለውም ማለት ነው፤ ጊዜው ከእኛ ሲርቅ ታጋሾች ነን፣ ሲቀርብ ቸኳዮች ነን።

ዴቪድ ላይብሰን እ.ኤ.አ. በ1997 ይህን በቀላል ቀመር አሳየው፤ «አሁን» ያልሆነ ነገር ሁሉ፣ ነገም ይሁን ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በቅድሚያ አንድ ጊዜ ዋጋው ይቆረጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀነሰው ግን ትንሽ ትንሽ ነው። ቁርጡ ለምሳሌ ሦስት አሥረኛ ነው እንበል። የመጀመሪያው ጥያቄዎ ላይ የዛሬው 1,000 እንዳለ 1,000 ሆኖ ሲመዘን፣ የወሩ 1,200 ወደ 840 ይወርዳል፤ ስለዚህ ዛሬ ያሸንፋል። ሁለተኛው ላይ ግን ሁለቱም «አሁን» ስላልሆኑ ሁለቱም ይቆረጣሉ፤ 700 ከ840 ጋር ይመዘንና መጠበቅ ያሸንፋል። የሚያዳላው ሚዛን «አሁን» ላይ ብቻ ነው፤ የቀረው ሚዛን ደኅና ነው።

ዕውቀት ማነስ ነው ለሚለው ደግሞ የእርግቦቹን ነገር ላንሣ። ጆርጅ ኤንስሊ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው ሙከራ፣ የተራቡ እርግቦች አንድ መብራት ሲበራላቸው ከጫኑት ወዲያው ጥቂት እህል ያገኙ ነበር፤ ሳይጫኑት ጥቂት ሰከንዶች ከታገሡ ግን የበለጠ ያገኛሉ። መብራቱ ከበራ በኋላ ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ይጫኑታል። ነገር ግን ኤንስሊ ፈታኙ መብራት ከመምጣቱ በፊት፣ ቢጫኑት መብራቱ ፈጽሞ እንዳይበራ የሚያደርግ ሌላ ቁልፍ ሲሰጣቸው፣ ከእርግቦቹ ጥቂቶቹ ይህን መጫን ለመዱ። የወለድ ስሌት የማያውቅ ወፍ፣ የራሱን የወደፊት ምርጫ አስቀድሞ አሰረ ማለት ነው። እኔ ይህን ሙከራ ባነበብኩ ቁጥር ከእኛ ከተማርነው ይልቅ እርግቧ ራሷን ታውቃለች እላለሁ።

የእርስዎ የደመወዝ ነገር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ችግሩ ዛሬን መውደድዎ ብቻ ሳይሆን፣ በሚቀጥለው ወር የተለየ ሰው እሆናለሁ ብለው ማመንዎ ጭምር ነው። ስቴፋኖ ዴላቪኛ እና ኡልሪኬ ማልመንዲየር እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ በአሜሪካ የስፖርት ማዘውተሪያዎች የወር ክፍያ የመረጡ አባላት በየወሩ ከ70 ዶላር በላይ እየከፈሉ በወር አምስት ጊዜ እንኳ ሳይሄዱ ቀርተው፣ ለአንድ ጊዜ የሚከፍሉት ከ17 ዶላር በላይ ሆኖ ተገኝቷል፤ አሥር ጊዜ የሚያስገባ ካርድ ቢገዙ ግን ለአንዱ ጊዜ 10 ዶላር ይበቃቸው ነበር። የከፈሉት ለሚሆኑት ሰው ሳይሆን እሆናለሁ ብለው ላሰቡት ሰው ነው።

ጠርጣሪው፦

ምጣኔ የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የመምህሩ ክፍል ውስጥ ዋናውን ጥያቄ የጠየቀው ያ የተሳቀበት ልጅ ይመስለኛል። «ብሩን የሚሰጠን ማን ነው?» ማለት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ከሚለው ተረት ጋር አንድ ነው። ለነገ የተባለ ነገር ዋጋው የሚቀንሰው ነገ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ከተናገረው ሰው አፍ እስከ ጠባቂው እጅ ድረስ ብዙ መንገድ ስላለ ነው።

ስለ ትዕግሥት ሲነሣ ሁሉም ሰው የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዋልተር ሚሼል ያደረገውን የማርሽማሎው (የለስላሳ ጣፋጭ) ሙከራ ያነሣል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ሕፃናት አንዷን ጣፋጭ ሳይነኩ ቢጠብቁ ሁለት እንደሚሰጣቸው ተነገራቸው፤ ኋላም የታገሡት በትምህርታቸው የተሻሉ ሆነው ተገኙ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ድኻ ድኻ የሆነው መታገሥ ስላልቻለ ነው እስከ ማለት የደረሱ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ታይለር ዋትስ እና ባልደረቦቹ ወደ 900 በሚጠጉ ሕፃናት ላይ ነገሩን ሲመረምሩ፣ ዝምድናው ከቀድሞው በግማሽ ያህል አነሰ፤ የቤተሰቡን ኑሮና የሕፃኑን ቀደምት ችሎታ ከግምት ሲያስገቡት ደግሞ ከቀረው ሁለት ሦስተኛው ጠፋ።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው በሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ ሴሌስት ኪድ እና ባልደረቦቿ የሠሩትና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ትንሽ ሙከራ ነው። 28 ሕፃናት ብቻ ነበሩ። ከጣፋጩ በፊት ለሁሉም የተሻለ የሥዕል ቀለም እንደሚመጣላቸው ተነገራቸው፤ ለግማሾቹ ቀለሙ መጣ፤ ለግማሾቹ ግን ቃሉን የሰጠቻቸው ሴትዮ ተመልሳ «ይቅርታ፣ የለንም» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ጣፋጩ ቀረበ። ቃል የተፈጸመላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ጠበቁ፤ ቃል የታጠፈባቸው 3 ደቂቃ። ቃል ከተፈጸመላቸው 14 ሕፃናት ውስጥ የተወሰነውን 15 ደቂቃ የጨረሱ 9 ሲሆኑ፣ ቃል ከታጠፈባቸው 14 ግን አንድ ብቻ ነው። የልጆቹ ጠባይ በአንድ ጠዋት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ስለ ሴትዮዋ የሚያውቁት ነገር ነው።

አሁን ይህን ወደ እኛ ኪስ አምጡት። የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 7 በመቶ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ በሆነባቸው ወራት 10,000 ብር ባንክ ያስቀመጠ ሰው፣ ከዓመት በኋላ 10,700 ብር ሲያወጣ የሚገዛለት የዓምናውን የ8,200 ብር ያህል ዕቃ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እንዲህ ባለ ዘመን ብሩን ይዞ ከመጠበቅ ይልቅ ቆርቆሮ ወይም ብሎኬት ገዝቶ በግቢው የሚከምር ሰው ትዕግሥት አልጎደለውም፤ ቤት ለመሥራት አሥር ዓመት እየከመረ የሚኖር ሰው አያለሁና። ያልታገሠው ብሩን ነው እንጂ ጊዜውን አይደለም።

መገለባበጡም ቢሆን በጥርጣሬ ይገለጻል። ዛሬና ከወር በኋላ ሲወዳደሩ አንዱ በእጅ ያለ፣ ሌላው ቃል ነው። 12ኛውና 13ኛው ወር ሲወዳደሩ ግን ሁለቱም ቃል ናቸው፤ የሚቀልድ ሰው ከሆነ በ12ኛውም በ13ኛውም አይሰጥም፤ ስለዚህ ከሁለት ቃል ትልቁን መምረጥ ምን ስሕተት አለው?

ምጣኔ፦

ይህን የመጨረሻውን አንቀጽ ጠርጣሪው ባይጽፉት ኖሮ እኔ ልጽፈው ይገባ ነበር፤ ከላይ አለማንሣቴ ጉድለት ነው። ሆኖም ጥርጣሬ ሁሉንም አይሸፍንም። የመምህሩን ደመወዝ ተመልከቱ፤ በዚያ ጉዳይ ቃል የሚገባውም፣ ቃሉን የሚያጥፈውም፣ የሚጎዳውም አንድ ሰው ነው።

ሁለቱን ለመለየት አንድ ምልክት አለ። በጥርጣሬ ምክንያት ዛሬን የመረጠ ሰው በምርጫው አይጸጸትም፤ ነገም ተመልሶ ያንኑ ይመርጣል፤ ገንዘቡን የሚቆልፍበት ሰውም አይፈልግም። በ«አሁን» የሚሸነፍ ሰው ግን፣ ራሱን ካወቀ፣ እንደ እርግቧ የሚያስረውን ይፈልጋል። ናቫ አሽራፍ፣ ዲን ካርላን እና ዌስሊ ዪን በፊሊፒንስ ሚንዳናው ከአንድ ባንክ ጋር ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ለደንበኞች አንድ እንግዳ ሒሳብ ቀረበላቸው፤ ደንበኛው ራሱ የወሰነው ቀን ወይም መጠን እስኪደርስ ገንዘቡን ማውጣት አይችልም፤ ለዚህ መታሰሩ የሚከፈለው ተጨማሪ ወለድ የለም። በሳሙኤልሰን ቀመር ይህን የሚቀበል ሰው መኖር የለበትም። ከተጠየቁት 28 በመቶው ተቀበሉ። ከአንድ ዓመት በኋላም ሒሳቡ የቀረበላቸው ደንበኞች ቁጠባ ካልቀረበላቸው ጋር ሲነጻጸር በ81 የመቶኛ ነጥብ በልጦ አደገ። በተለይ ሒሳቡን ለመክፈት የቀደሙት፣ የመምህሩን ዓይነት ጥያቄ ሲጠየቁ ምርጫቸውን የገለበጡ ሴቶች ናቸው።

የእቁብ ዳኛ፦

ወንድሞቼ፣ ውይይታችሁን በጥሞና አነበብኩ። እኔ መርካቶ የምሠራ ነጋዴ ነኝ፤ ብዙ ዓመት እቁብ በዳኝነት መርቻለሁ። ፊሊፒንስ ድረስ የሄዳችሁበትን ነገር እኛ በየወሩ በአንድ ሻይ ቤት እናየዋለን።

ለምሳሌ 20 ሰው በወር 5,000 ብር የሚጥልበት እቁብ እንያዝ፤ እጣ የደረሰው 100,000 ብር ይወስዳል። እያንዳንዱ ሰው ይህንኑ 5,000 ብቻውን ቢያስቀምጥ 100,000 የሚሞላለት 20ኛው ወር ላይ ነው። በእቁብ ግን ከሃያው ሰው አሥራ ዘጠኙ ከዚያ በፊት ያገኛሉ፤ የመጨረሻው ብቻ በራሱ ቢቆጥብ በሚያገኝበት ቀን ያገኛል። ስለዚህ እቁብ ነገን ወደ ዛሬ ያቀርባል ብላችሁ ልትወስዱት ትችላላችሁ፤ ለቸኮለውም ለታገሠውም ይሆናል።

የሚገርመው ግን ይህ ነው። ወለድ የለውምና፣ በኑሮ ውድነት ዘመን የመጨረሻው እጣ የሚደርሰው ሰው እንደሚጎዳ ሁሉም ያውቃል። ታዲያ እቁቡ ሲጀመር «እባክሽ የኔ መጨረሻ ላይ ይሁን» ብለው የሚለምኑኝ አሉ። አንዲት ጓደኛዬን ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት፤ «ብሩ ቶሎ ከደረሰኝ ይበተንብኛል፤ አንቺ ጋ ሲሆን ግን የለኝም ብዬ እኖራለሁ» አለችኝ። ይህች ሴት ምጣኔ እንዳሉት ራሷን የምታውቅ ናት። ከጥርጣሬም አይደለም፤ እኔን ባታምነኝ ኖሮ መጀመሪያውን ነበር የምትለምነው።

ጥርጣሬውን ደግሞ እኛ በዋስ ነው የምናስረው። ቀድሞ የወሰደ ሰው ቀሪውን መጣል ቢያቆም የሚጎዳው ገና ያልደረሰው ነው፤ ስለዚህ ዋስ ያላመጣ ሰው እጣው ቢወጣለትም ብሩን አይነካትም። ከዋሱም በላይ የሚይዘው ይሉኝታ ነው። ለራሱ ቃል ገብቶ በየወሩ የሚያጥፈው ሰው፣ መምህር እንዳይቀየሙኝ፣ እቁብ ላይ አንድ ቀን ሊያረፍድ አይደፍርም፤ አሥራ ዘጠኝ ሰው እያየው ነውና። ሰው ለራሱ ያላፈረውን ለሌላው ያፍራል።

ስለ ቸኮለው ሰውም አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ ዘንድ እጣ መሸጥ የተለመደ ነው፤ የደረሰው ሰው ለቸገረው እጣውን ይለቅለትና የእርሱን ተራ ይጠብቃል፤ ለዚህም ጥቂት ብር ይቀበላል። ሁለት ወር ለመቅደም ከ100,000 ላይ 6,000 የሚለቅ ሰው በወር ከ3 በመቶ በላይ ከፈለ ማለት ነው፤ ባንክ ከሚከፍለው ጋር አስተያዩት። የምጣኔን ቀመር በዚህ ልፈትነው ሞክሬ ነበር፤ ነገር ግን የእጣው ዋጋ ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም። ጥቅምት ላይ የሚጠይቅ የለም፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ የልጆች መመዝገቢያና ዩኒፎርም፣ ከላዩም የእንቁጣጣሽ በግ ሲደራረብ፣ እነዚያው ጥቅምት ላይ የተረጋጉት ሰዎች ናቸው እጣ ፍለጋ ስልክ የሚያጨናንቁት። ትዕግሥታቸው በወራት ውስጥ አልተበላሸም፤ ወጪው ነው የመጣባቸው። ኤሳው ብኩርናውን በምስር ወጥ ሲሸጥ እኮ ከዱር ደክሞና ተርቦ ገብቶ ነበር፤ ሲጠግብ ቢጠይቁት ኖሮ መልሱ ሌላ ይሆን ነበር።

ከገጠር፦

የግብርና ባለሙያ ነኝ። እኅታችን ስለ ወቅት ያሉትን በእርሻ በኩል ልደግፈው። ገበሬው ጤፉን ከወቃ በኋላ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ስለሚያወጣ፣ ዋጋው በሚወርድበት በታኅሣሥና በጥር ይሸጣል፤ ክረምት ላይ ዋጋው ሲወጣ ደግሞ አንዳንዱ ራሱ ገዢ ይሆናል። «ለምን ጥቂት ወር አትይዘውም?» ብዬ የጠየቅኳቸው ሰዎች የማያውቁትን ነገር አልነገርኳቸውም፤ ዕዳ፣ ነቀዝና ሠርግ ዋጋው እስኪወጣ አይጠብቁም።

ነገር ግን ወቅቱን መጠቀም ይቻላል። በምዕራብ ኬንያ ኤስተር ዱፍሎ፣ ማይክል ክሬመር እና ጆናታን ሮቢንሰን ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው ጥናት፣ ገበሬዎቹ ማዳበሪያ እንደሚጠቅም ያውቃሉ፤ እንገዛለንም ይላሉ፤ ማዳበሪያ የሚፈለግበት ጊዜ ሲደርስ ግን የመከር ገንዘብ አልቋል። አጥኚዎቹ ገንዘቡ ገና በእጅ እያለ፣ መከሩ እንደተሰበሰበ ወደ ቤታቸው ሄደው፣ አሁን ከከፈላችሁ ማዳበሪያውን ያለ ማጓጓዣ ዋጋ እናደርስላችኋለን አሏቸው። ተጠቃሚው በግልጽ ጨመረ። ያንኑ ነጻ ማድረሻ ዘግይተው፣ ማዳበሪያው በሚጨመርበት ወቅት ሲያቀርቡት ግን ያን ያህል አልሠራም። ስጦታው ያው ነው፤ የተለየው ገንዘቡ በእጅ ባለበት ቀን መምጣቱ ነው።

የሒሳብ መምህር፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተለይ የእቁብ ዳኛዋን አልተቀየምሁም፤ ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ጋር የወር እቁብ ልገባ ተነጋግሬያለሁ፤ ዋስም አግኝቻለሁ።

ያን የተሳቀበትን ልጅ ግን ሳልክሰው ማለፍ አልፈለግሁም። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ጥያቄውን በእውነተኛ ነገር ደገምሁት፤ ብር ለማውጣት አቅሙ ስለሌለኝ በእስክሪብቶ። «ዛሬ አንድ፣ ወይም ሰኞ ሁለት» አልሁ። በመጀመሪያ እስክሪብቶዎቹን በቦርሳዬ እንደያዝሁ ጠየቅኋቸውና ቆጠርሁ። ከዚያም ሁሉንም እስክሪብቶዎች በፊታቸው አውጥቼ ለክፍሉ አለቃ አስረከብሁ፤ «እኔ ሰኞ ብቀር እንኳ እርሷ ትሰጣችኋለች» አልሁና እንደገና ቆጠርሁ። ሰኞን የመረጡት በግልጽ በዙ። በእኔ ላይ ያላቸውን እምነት መጠን በዚህ ማወቄ ደስ ባያሰኘኝም፣ ጠርጣሪው የተናገሩት እውነት መሆኑን በክፍሌ አየሁ። ጥቂቶች ደግሞ እስክሪብቶዎቹ በአለቃዋ እጅ ከገቡም በኋላ የዛሬውን አንድ ፈለጉ፤ ከመካከላቸው ሁለቱ ከክፍል ሲወጡ ሰኞን ባለመምረጣቸው እርስ በርስ ሲነቋቆሩ ሰምቻለሁና፣ ምጣኔ የነገሩን ምልክት በእነዚያ ላይ ይሠራል ብዬ እገምታለሁ።

«ብሩን የሚሰጠን ማን ነው?» ያለው ልጅም ሁለቱንም ጊዜ ዛሬን ነበር የመረጠው። ብቻውን አግኝቼ «አለቃዋንም አታምናትም?» አልሁት። «አምናታለሁ፣ መምህር» አለኝ፤ «ግን ዛሬ ከሰዓት የፊዚክስ ፈተና አለን፤ የእኔ እስክሪብቶ ትናንት አልቋል።»